የዋግሹም ሁለት ሣጥኖች

ሀዲያን የተውናት ፍላሽ ስትጠብቅ ነው። ከኒሯቅ የሚመጣው አይሱዙ ማክሰኞ ሰቆጣ መግባት ሲገባው ማክሰኞ አልመጣም፤ ረቡዕም ቀኑ ተጋምሶ አልመጣም። እሷ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ በክርኗ ተደግፋ መንገድ መንገዱን ታያለች። መታወቂያ ሊያባዛ የመጣውን ሰው ሁሉ ፊቱን አባዝታ ጀርባውን ረስታ ትሸኘዋለች። አንድ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተመልሰው መጡ።

«ልጄ፣ ጾሙ ነው ወይስ ሌላ?» አሏት።

«ጾሙ ነው፣ አባቴ» አለች። ጾሙ አልነበረም።

ነገሩን ከመሃል ለያዘ ሰው እንዲህ ነው። ሀዲያ የነጋዴው የሙሄዲን ልጅ ናት። አባቷ ገበያው ዳር ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እሷ ወልድያ ኮምፒውተር ተምራ ስትመለስ ከሱቁ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ለቀቁላትና ማባዛት፣ መጻፍ፣ ስልክ ላይ መንዙማና ዘፈን መጫን ጀመረች። ፈንታሁን ደግሞ ነርስ ነው፣ የደብረ ታቦር ልጅ። ከኒሯቅ ወዲያ፣ ወደ ተከዜ ቁልቁል፣ ኔትወርክ የማይደርስበት ጤና ጣቢያ ተመድቦ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የዛሬ ዓመት ፎርም ሊያባዛ ሲገባ ሀዲያን በኮምፒውተሯ ደም መጣጭ ስታሳድድ አገኛት። ቫምፓየር የሚሉት ዓይነት ነው፤ ቀን መቃብር ውስጥ ተኝቶ ይውልና ሲመሽ የሰው አንገት ይፈልጋል። እሷ በሰይፍ ትጥለዋለች፣ እሱ ይነሣል። ትጥለዋለች፣ ይነሣል።

«በብረት አይሞትም» አላት ከኋላዋ ቆሞ። «ብር የተለበጠ ሰይፍ ነው የሚፈልገው።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«እኔ ዐሥራ ሰባት ገድያለሁ» አለ፣ ኮራ ብሎ። ዞር ብላ አየችው። ፊቱ በቆላ ፀሐይ ጠቁሯል፣ ሸሚዙ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል፣ ስለ ዐሥራ ሰባቱ ግን የምሩን ነበር። ሳቋ መጣ። ይሄ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከዚያች አንድ ሳቅ ነው።

ከዚያ ወዲያ አንድ ጀግና ለሁለት ያዙ። ስሙን ዋግሹም አሉት። ፈንታሁን ሳምንቱን በላፕቶፑ ይጫወትና የደረሰበትን በፍላሽ አድርጎ በሹፌሩ በምሳው መኪና ይልካል፤ እሷ እሱ ካቆመበት ትቀጥልና በዚያው መኪና ትመልሳለች። ከላኩ በኋላ ከየኮምፒውተራቸው ላይ ይሰርዙታል። ዋግሹም ያለው ፍላሹ ውስጥ ብቻ ነው። የከተማውን ወረቀት ሁሉ ስታባዛ የምትውለው ልጅ ያቺን አንድ ፋይል አባዝታ አታውቅም። «ሰው ሁለት ነፍስ የለውም፤ እሱም አይኑረው» ብላ የደነገገችው ራሷ ናት።

ዋግሹም ጫካ ዳር ቤት አለው። ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ አለ፤ ከጨዋታው ገበያ ወረቀትና ቀለም እየገዙ የሚጻጻፉትን ደብዳቤ እዚያ ላይ ያኖሩታል። ፊደሉ የእንግሊዝ ነው፣ ቃሉ አማርኛ። ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ሣጥን አለ። ዋግሹም አጋዘን እያደነ ነው የሚበላው፤ ታዲያ አጋዘኑን ማን አረደው? ሀዲያ የገደለችው የእስላም ሥጋ ነው፣ ፈንታሁን የገደለው የክርስቲያን። ሲጀመር በቀልድ ነበር፤ እያደር ቀልዱ ቀረና ደንቡ ጸና። በግራ ያለው ሣጥን የሷ፣ በቀኝ ያለው የሱ። በየሳምንታቸው ዋግሹምን ከየሣጥናቸው ያበሉታል። እሷ የሱን ከፍታ አታውቅም፣ እሱም የሷን። መሠዊያ ፊት መንበርከክ የመጣ እንደሆነ ደግሞ የሱ ድርሻ ነው። የመሠዊያው አናት መስቀል ይመስላልና እሷ «እኔ አላደርገውም» አለች፤ እሱም «እኔ እያለሁ ምን ቸገረሽ» አላት።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ሳምንት ገቡ። ጉድ የፈላው ያኔ ነው። በሷ ሳምንት ዋግሹም እህል ሳይቀምስ ይውላል፤ በሱ ሳምንት ሥጋ በአፉ አይዞርም፣ ዳቦና ጎመን ብቻ። ያ ሁሉ ደም መጣጭ የፈራው ጀግና ጉልበቱን የምታሳየው ቀይ መስመር ቀጥና ቀጥና ክር አከለች። ሁለቱ ግን በደብዳቤ ይሳሳቁበት ነበር።

ይህ እንግዲህ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ያልሆነው የሚፍታሕ ነገር ነበር። ሚፍታሕ ኮምቦልቻ መጋዘን ያለው ጨዋ ሰው ነው፤ አንድም እንከን የለበትም፣ ሀዲያ አትወደውም እንጂ። ሽማግሌ ልኳል። ሽማግሌዎቹ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የመጨረሻውን ቃል ሊሰሙ ይመጣሉ። ሀዲያም ባለፈው ሳምንት እንዲህ ብላ ጽፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፦

«ፈንታ፣ ስንሸሸው የኖርነውን ልጠይቅህ። ከሁለታችን ሃይማኖቱን የሚለቀው ማን ነው? አንቺ ነሽ የምትል ከሆነ ቁርጡን ንገረኝ። እኔ ግን አንተ ነህ ልልህ አልችልም፤ አፌ እምቢ ይለኛል። መልስህ ከዓርብ በፊት ይድረሰኝ። ዝም ብቻ እንዳትለኝ።»

ስትጠብቅ የነበረው ይህን መልስ ነው።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምሳው አቧራ ለብሶ ገባ። በአገውኛ የሆነ ነገር እያጉረመረመ ከደረት ኪሱ በፌስታል የተጠቀለለውን ፍላሽ አወጣ።

«ጎማ ሁለት ጊዜ ፈንድቶብኝ ነው። አትቆጪኝ» አላት።

«እሱ ራሱ ነው የሰጠህ?»

«ኧረ ዘበኛው ነው ያቀበለኝ። ሥራ በዝቶበታል አለ። በሽተኛው በረንዳውን ሞልቶታል።»

ይቺ ቃል ደስ አላለቻትም። ፈንታሁን ፍላሹን በሰው እጅ ሰጥቶ አያውቅም ነበር። በሩን ገርበብ አድርጋ ፍላሹን ኮምፒውተሯ ላይ ሰካች።

ዋግሹም መሠዊያው ደረጃ ላይ ቆሞ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። አንገቱ ላይ ሁለት ቀዳዳ ታየ፤ ከሥር ደግሞ ጽሑፍ። የደም ትኩሳት፣ ሦስተኛ ቀን ይላል። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፣ የተነከሰ አዳኝ በሦስት ቀን ውስጥ ካልዳነ እሱ ራሱ ደም መጣጭ ሆኖ ይቀራል። መዳኛው መሠዊያው ፊት መንበርከክ ነው። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።

«እዚህ ድረስ አምጥቶት ለምን ተወው?» አለች ለራሷ።

ደብዳቤ ይኖራል ብላ ዋግሹምን ወደ ቤቱ መለሰችው። ጠረጴዛው ባዶ ነበር። ጥግ ጥጉን፣ አልጋውን፣ የዋግሹምን ከረጢት ፈተሸች፤ የለም። የራሷን ሣጥን ከፈተች፤ ከሥጋዋ በቀር ምንም የለም። በቀኝ ያለው ሣጥን እንደተከደነ ነው፤ የሰው ድርሻ ነውና እጇን አላሳረፈችበትም።

ያኔ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ አለች። ማን ይልቀቅ ብላ ጠየቀችው፤ እሱ ቃል መጻፍ እንኳ ሳያስፈልገው ዋግሹምን መሠዊያ ሥር አቁሞ ላከላት። መንበርከክ የሱ ድርሻ አልነበረም? ዛሬ ለምን ለሷ ተወው? ተንበርከኪ ማለቱ ነው። በሰው እጅ፣ ያለ አንድ መስመር፣ ተንበርከኪ። ዓመት ሙሉ ያወቀችው ሰው እንዲህ ጨካኝ ነው ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ሲሰድባት ቢውል ይሻላት ነበር።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ በሩን ስታይ ዋለች። ለምን እንደምታይ አታውቅም። ምናልባት ይመጣል፣ ምናልባት ሌላ ነገር ነበር ይላል ብላ ይሆናል። ስልኩን ብትሞክር የተለመደችው ሴትዮ ማግኘት አይችሉም አለቻት። ዐሥር ሰዓት ገደማ እናቷ ዓሚኔ ገቡና አጠገቧ ቁጭ አሉ። ዓሚኔ ነገር አይስታቸውም፤ የሚያውቁትን ያህል ግን አይናገሩም።

«ነገ ለአባትሽ ምን ልበላቸው?» አሏት።

«ትንሽ ጊዜ የለኝም፣ እማ?»

«ስንት ጊዜ? ሰዎቹ ሁለቴ ተመላልሰዋል። እምቢ ካልሽም እምቢ በይ፣ አባትሽ አያስገድዱሽም። የምትጠብቂው ሰው ካለ ግን ሰውየው ይናገር። ወንድ ልጅ ዝም ካለ መልሱ ዝምታው ነው።»

«መልሱንስ ሰጥቷል» አለች ሀዲያ።

እናቷ ምን አለ ብለው አልጠየቋትም። ጉንጯን ዳሰስ አድርገዋት ወጡ። ሀዲያ ያቺን እጅ ይዛ ብታለቅስ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር፤ ግን ጾመኛ ነች፣ ሱቅ ውስጥ ነች፣ እልኸኛም ነች።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ዋግሹምን አልጋው ላይ አስተኛችው። በጨዋታው አንድ ጊዜ ማስተኛት አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያሳልፋል። ከመጫኗ በፊት እጇ ቆመ። ፋይሉን አባዝታ አንዱን ማትረፍ ትችል ነበር፤ ሥራዋ ነው፣ በእንቅልፍ ልቧ ታደርገዋለች። አላደረገችውም። ቁልፉን ተጫነችው። ዋግሹም ሲነሣ ዓይኑ ደም መስሎ ነበር። የደም ትኩሳት የሚለው ጽሑፍ ጠፍቶ በምትኩ «ከእንግዲህ ከእነሱ አንዱ ነህ» የሚል ወጣ።

ደብዳቤ ጽፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «አልንበረከክም። አንተም እንድትንበረከክ ጠይቄህ አላውቅም ነበር። ነገ ለሚፍታሕ እሺ እላለሁ። ዋግሹምን እንደፈለግህ አድርገው።» ዓርብ ጠዋት ፍላሹን ለምሳው ሰጠችው። ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ፣ አባቷ በእናቷ በኩል አስጠየቋት፣ እሺ አለች። ሠርጉ ከዒድ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ቤቱ ደስ አለው። እሷ ሱቋ ተመልሳ የአንድ ተማሪ ትራንስክሪፕት አባዛች፣ ፊቱንም ጀርባውንም። አለመርሳቷ ራሱ አስፈራት።

ከዚያ ዓርብ በኋላ በመጣው ረቡዕ፣ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የምሳው አይሱዙ ሱቋ በር ላይ ቆመ። ምሳው እንደ ወትሮው ዘሎ አልወረደም። ከጎኑ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ወረደች፣ የላፕቶፕ ቦርሳ ደረቷ ላይ አቅፋለች። ምሳው መኪናው አጠገብ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል።

«ሀዲያ አንቺ ነሽ?» አለች ሴቲቱ።

«እኔ ነኝ፣ እህቴ።»

«ማህደር እባላለሁ። አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከፈንታሁን ጋር ነው የምሠራው።» ወንበሩን አየችና፣ «ልቀመጥ?» አለች።

ሀዲያ የደንበኛውን ወንበር ሳበችላት። ሻሹን አይታለች። ሰው እንዲህ ሲሆን አስቀድሞ ያውቃል፤ ያውቅና ግን ጆሮው እስኪሰማ ለራሱ አይነግርም።

«ወባ ነው» አለች ማህደር። «ዘንድሮ እኛ ጋ ሰው ረገፈ። ፈንታሁን ቀን ከሌት ሲሮጥ ከረመ። ለበሽተኛው ሁሉ ጾም ፍቱ፣ በልታችሁ መድኃኒቱን ዋጡ እያለ ይቆጣል፤ እሱ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምስም። ሲያተኩሰው ድካም ነው አለን። እኛም አመንነው። ነርስ አይደለ። ሐሙስ ሰቆጣ እሄዳለሁ ብሎ ልብሱን አሳጥቦ ነበር፤ ማክሰኞ ማታ በሽተኛ እያየ ወደቀ። ስንመረምረው ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል።»

«ሐሙስ?» አለች ሀዲያ።

«ሐሙስ። አባትሽን ሊያነጋግር።»

ሀዲያ የማሽኑን ጠርዝ ያዘች።

«ቅዳሜ ትንሽ ተሻለው» አለች ማህደር። «በመድኃኒቱ ነቃ፣ ሰው ለየ። የላክሽው ፍላሽ ደርሶ ስለነበር ላፕቶፑን አልጋው ላይ አድርጊልኝ አለኝ። እኔ ጨዋታውን አላውቅም፣ ይሄን ተጫኚ፣ ወደዚህ ሂጂ እያለ ይመራኛል። ያን ሰውዬ ዓይኑ ቀልቶ ሲያየው ደነገጠ። ከዚያ ደብዳቤሽን አነበበ።»

«አነበበው?»

«ሁለት ጊዜ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና ብዙ ቆየ። እኔ አለቀ ብዬ ነበር። ኋላ ዞሮ፣ በቀኝ ያለውን ሣጥን ክፈቺ አለኝ። ከፈትኩ። የታሸገ ደብዳቤ አለ፣ ማኅተሙ አልተሰበረም። እሱን ሲያይ ሳቀ። ማርያምን፣ ሳቀ። ‹አላየችውም እኮ። የኔን ሥጋ አትነካማ› አለ። ‹ከመድኃኒት ቅጠሉ ጋር ይሁን ብዬ እዚያ ከተትኩት፤ እሷ የኔን ሣጥን እንደማትከፍት ትኩሳቱ አስረሳኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሷ አይደለም። ይህን ንገሪልኝ› አለ። ዋግሹምን ሣጥኑ ፊት አቁመሽ ጨዋታውን ፍላሹ ላይ መዝግቢልኝ አለና መዘገብኩለት።»

«ከዚያስ?»

«እሑድ መልሶ ጣለው። ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ዐረፈ። ቀብሩ እዚያው ሆነ፣ ሙቀቱ አያቆይም። ቤተሰቦቹ እንኳ አልደረሱም።»

 ውጭ አንድ ሰው በሩን ከፈት አድርጎ «ኮፒ አለ?» አለ። ምሳው ከኋላው ትከሻውን ይዞ መለሰው።

ማህደር ፍላሹን ማሽኑ ላይ አስቀመጠች። ያው ፌስታል ነው፣ ያው አጠቃለል ግን አይደለም። ስትወጣ ሀዲያን ግንባሯን ሳመቻት፤ ሀዲያ ግን መሳሟን ያወቀችው ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ነው።

በሩን ዘጋች። ዋግሹም ጨለማ ቤት ውስጥ፣ ቀይ ዓይኑን ፈጥጦ፣ በቀኝ ያለው ሣጥን ፊት ቆሞ ጠበቃት። ዓመት ሙሉ ያልነካችውን ክዳን ከፈተች። ሁለት ቅጠል አለ። ከሁዳዴ በፊት የተቀመጠ ብዙ ሥጋ አለ። በላዩ ላይ የታሸገው ወረቀት።

«ሀዲ፣

ዋግሹም ተነከሰ። ጥፋቱ የጾማችን ነው፣ አቅም አልነበረውም። እንደ ወትሮው መሠዊያው ጋ ወስጄ ላንበረክከው እችል ነበር። ያንቺን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ግን እጄ እምቢ አለኝ። በዚህ ሳምንት ማንም እንዲንበረከክ አልፈለግሁም። ጫካ ያለችውን አሮጊት ብጠይቃት ሌላ መድኃኒት አለ አለችኝ። ሦስት ቅጠል ነው፤ ሁለቱን አግኝቼ እዚህ አኑሬአለሁ። ሦስተኛው ከመሠዊያው ጀርባ ግንቡ ላይ ይበቅላል። አሁን ወደዚያ ልሄድ ነው። ራሴን እያመመኝ ነው፤ ካቃተኝ አንቺ ቅጠፊው። ሦስተኛው ቀን ሳያልፍ ሦስቱን አንድ ላይ ማብላት ብቻ ነው።

የጠየቅሽኝም እንደዚሁ ነው። ማንም አይልቀቅ። ማዘጋጃ ቤት ሄደን በምስክር እንፈራረም። አንቺ መስጊድሽ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያኔ። የምሳው አክስት እንዲህ ሆና ስንት ልጅ አሳድጋለች፣ እሱ ነው የነገረኝ። ቤታችን ሁለት ድስት ይኑረው። ዋግሹም በሁለት ሣጥን ዓመት ከኖረ እኛ በሁለት ድስት መኖር ያቅተናል? ሐሙስ መጥቼ ለአባትሽ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ቢያባርሩኝ እባረራለሁ፣ ደግሜ እመጣለሁ።

ሐሙስ ካልመጣሁ ታምሜ ነው። ፈርቶ ነው እንዳትዪ።

ፈንታ»

ከመሠዊያው ደረጃ እስከ ግንቡ ጀርባ ስንት እርምጃ ነበር? ሃያ አይሞላም። በዚያ ረቡዕ ዋግሹምን ወደ ቤት ከምትመልስ ዞር ብታደርገው ኖሮ ቅጠሉን ታየው ነበር። እሷ ግን አስተኛችው። በገዛ እጇ አስተኛችው። ሀዲያ ጭንቅላቷን ኪቦርዱ ላይ ደፍታ አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ አባቷ በግድግዳው ማዶ ይሰማሉ ሳትል፣ የተጫነው ፊደል በስክሪኑ ላይ መስመር ሙሉ ሲሮጥ።

ቀና ስትል ዋግሹምን ወደ መሠዊያው ወሰደችው። ከንቱ መሆኑን ታውቃለች፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ቢሆንም ከግንቡ ጀርባ ሄዳ ሦስተኛውን ቅጠል ቀጠፈች። ወደ ቤት መለሰችው፣ ሦስቱን አንድ ላይ አበላችው። «ጊዜው አልፏል» የሚል ጽሑፍ ወጣ፣ ሌላ ምንም።

ከመስጊዱ የመግሪብ አዛን ተሰማ። በግድግዳው ማዶ ብርጭቆ ሲንኳኳ፣ እናቷ ሰው ሲጠሩ ይሰማል። ሀዲያ አልተነሣችም። ከቀኙ ሣጥን የፈንታሁንን ሥጋ አወጣች።

«ቢስሚላህ» አለች፣ ቀስ ብላ፤ ለዋግሹም አጎረሰችው።

ሥጋው ጣዕም አልሰጠህም አለ ስክሪኑ። ሌላ አጎረሰችው። ሥጋው ጣዕም አልሰጠህም። ደም መጣጭ ከደም በቀር የሚያጠግበው የለም፤ ታውቃለች፣ ዐሥራ ሰባት የገደለው ሰው አስተምሯታል። ሣጥኑ ባዶ እስኪሆን አንድ በአንድ አበላችው። ቀይዋ መስመር አልተነቃነቀችም።

በሩ ተንኳኳና ሙሄዲን ገቡ። በእጃቸው ቴምር ይዘዋል። ሊቆጡ አስበው ነበር የመጡት፤ ፊቷን ሲያዩ ቁጣው ከአፋቸው ተመለሰ።

«አዛኑን አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፣ አባ።»

«ምን ሆነሻል?»

«ለነሚፍታሕ ይንገሩልኝ። አላገባም።»

«ቃል ሰጥተሻል እኮ። ሽማግሌ ፊት።»

«እሺ ያልኩት ለሌላ ሰው መልስ ልሰጥ ብዬ ነው። እነሱ መሃል ገብተው ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ሙሄዲን የደንበኛው ወንበር ላይ፣ ማህደር ተቀምጣበት በነበረው ላይ፣ ቁጭ አሉ። «ያ ነርስ ነው?» አሉ።

ማወቃቸውን አላወቀችም ነበር። «አዎ» አለች።

«ምን አለ?»

«ሁለት ድስት ይኑረን አለ። ለእርስዎ ሊነግርዎት ሐሙስ ሊመጣ ነበር። ቢያባርሩኝ ደግሜ እመጣለሁ ብሏል።»

«አባርረው ነበር» አሉ ሙሄዲን። ጢማቸውን ዳሰሱ። «መጀመሪያ አባርረዋለሁ። ሁለተኛም። ሦስተኛ ቢመጣ እንጃ። ታዲያ ለምን አልመጣም?»

«ታሞ ነው፣ አባ። ፈርቶ አይደለም።» ቀና ብላ አየቻቸው። «ሰኞ ሞተ።»

አባቷ ስክሪኑን አዩ፤ ዓይኑ የቀላ ሰው ባዶ ሣጥን ፊት ቆሟል። ምን እንደሆነ አልጠየቁም። ከወንበሩ ተነሥተው አጠገቧ መሬቱ ላይ ተቀመጡ፣ ያ ሁሉ ኩሩ ነጋዴ፣ በንጹሕ ጀለቢያቸው። እጇን ዘርግተው ቴምሩን መዳፏ ላይ አኖሩት።

«አፍጥሪ፣ ልጄ» አሏት።

ሀዲያ ቴምሩን አፏ ውስጥ አደረገችው። አላኘከችውም፣ አልዋጠችውም። አባቷ እጇን ይዘው ጠበቋት።